ጥሪና ትዕግሥት

የወፍን ድምፅ አስመስሎ መጥራት በጥቂት ቀን ሊለመድ ይችላል፤ ከጠሩ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን የብዙ ዓመት ትምህርት ነው። ይህን ነገር ከአዳኞች መካከል የበሰሉት ሁሉ ያውቁታል። ሰው ጥሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ አስቀድሞ አፍን ያስባል፤ ነገር ግን ጥሪን ጥሪ የሚያደርገው ከአፍ ይልቅ ጆሮና እጅ ነው፤ ይኸውም የተጠራው በምን ያህል ማስተዋል እንደሚሰማ፥ የጠራውም በእጁ ምን እንደ ያዘ ነው።

ለዚህ ነገር ግልጥ ምሳሌ የሚሆን በሰሜን አሜሪካ ዱር የሚኖር ተርኪ የሚባል ትልቅ ወፍ አለ። በየቤቱ የሚረባው ተርኪ ዘሩ ከዱሩ የወጣ ነው። የዱሩ ግን ዐይኑ እጅግ የሠላ፥ ጆሮው የነቃ፥ ጥቂት እንቅስቃሴ ባየ ጊዜ የሚሰወር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት ጎሕ ሲቀድ ወንዱ ካደረበት ዛፍ ላይ ሆኖ ጕሮሮውን እያንቀጠቀጠ ይጮኻል፤ ሴቲቱም ድምፁን ሰምታ ወደ እርሱ ትሄዳለች። አዳኙ ይህን የተፈጥሮ ሥርዐት ይገለብጠዋል። ከትልቅ ዛፍ ሥር ጀርባውን አስደግፎ ይቀመጥና የሴቲቱን ድምፅ አስመስሎ ይጠራል፤ ወንዱ ወደ እርሱ እንዲመጣ ይፈልጋልና። መጥሪያው ከእንጨት ሣጥን፥ ከጠፍጣፋ ድንጋይ፥ ወይም ከራሱ ከተርኪው የክንፍ አጥንት ይሠራል። እንዲህም ሲሆን ወፉ በገዛ ወገኑ አጥንት ይጠራል ማለት ነው።

ጀማሪው አዳኝ የሚሳሳተው በዚህ ጊዜ ነው። ወንዱ ሲመልስለት ደስ ይለውና ደጋግሞ ይጠራል። ወንዱም ሴቲቱ እየመጣች መስሎት ባለበት ቆሞ ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ያልፋል፥ ወፉም ወደ መንገዱ ይሄዳል። የበሰለው አዳኝ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርቶ ዝም ይላል። እግሩ እየደነዘዘ፥ ትንኝ ፊቱን እየነከሰው፥ እጁን ሳያነሣ አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ይቀመጣል። ወፉ ያን ድምፅ ባጣው ጊዜ ሊፈልገው ይነሣል። እንግዲህ ወፉን የሚያመጣው ከድምፁ በኋላ ያለው ዝምታ ነው።

ዳሩ ግን ትዕግሥት የአዳኙ ብቻ ሀብት አይደለም። ብዙ ዘመን የኖረ ወንድ ተርኪ ድምፅ ሰምቶ ቢመጣም ከጥይት ርቀት ውጭ ይቆማል። አንገቱን አቅንቶ ይመለከታል፤ የጠራችውን በዐይኑ ካላየ አይጠጋም። ያስረጀውም ይኸው ልማዱ ነው። የቸኮሉት በወጣትነታቸው አልቀዋል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ዱር ድምፁን የሚሰማው ወፉ ብቻ ሳይሆን ሌላ አዳኝም ነው። እውነተኛ ወፍ መስሎት ድምፁን ተከትሎ የሚመጣ፥ በቅጠል መካከል ሲንቀሳቀስ ባየው ነገር ላይም የሚተኩስ ይገኛል፤ በዚህ ምክንያት የቈሰሉና የሞቱ ሰዎች አሉ። አዳኙ ከትከሻው የሚሰፋ ዛፍ መርጦ የሚደገፈው፥ የወፉን ራስ የሚመስል ቀይ፥ ነጭ ወይም ሰማያዊ ልብስ የማይለብሰውም ስለዚህ ነው። የሐሰት ድምፅ የሚያሰማ ሰው ድምፁን ማን እንደሚሰማው፥ የሰማውም ምን ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ አይቻለውም።

በኢትዮጵያ ስለ አደን ሲነገር ቶሎ ከምትታሰቡት ወፎች አንዲቱ ቆቅ ናት። ቆቅ በገደል አፋፍ፥ በቍጥቋጦ ውስጥ፥ በማሽላ ማሳ ዳር ትኖራለች። ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመሳለም የሄደ ምእመን ማለዳ ከገደሉ ጫፍ ጩኸቷን ሳይሰማ አይቀርም። በዐባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች፥ ይልቁንም በጀማ፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ የቆቅ ዓይነት አለ። «ቆቅ ወዲያ፥ ምዝግዝግ ወዲህ» የሚባለውም ሐሳቡና ሥራው ለማይገናኝለት ሰው ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ቆቅን ያውቋታል። ሳኦል 3000 የተመረጡ ሰዎች ይዞ በዚፍ ምድረ በዳ ሲፈልገው፥ ዳዊት ራሱን በተራራ ላይ ከምትታደን ቆቅ ጋር አመሳስሏል። ዕብራውያን ይህችን ወፍ «ቆሬ» ይሏታል፤ ትርጓሜውም «ጠሪ» ማለት ነው። በዚያው ምዕራፍ እንደምናነበው፥ ዳዊት በሌሊት ወደ ሰፈሩ ገብቶ ንጉሡን ተኝቶ አገኘው፤ ከራስጌው ጦሩን ወሰደ እንጂ አልገደለውም። ከዚያም ርቆ በተራራ ራስ ላይ ቆመና ተጣራ፤ ጦሩንም አሳየ፥ ብላቴና መጥቶ እንዲወስደውም ነገረ። ታዳኙ ጠሪ ሆነ፥ አዳኙም ተጠሪ ሆነ። ነገር ግን በዚህ ጥሪ ውስጥ ወጥመድ አልነበረበትም፤ ጠሪው በእጁ የያዘውን በግልጥ አሳይቷልና።

ለዚህ ተቃራኒ የሚሆነውን ደግሞ መጽሐፈ ሲራክ በ11ኛው ምዕራፍ በግሪኩ ንባብ ያመለክታል፤ የትዕቢተኛን ልብ ለማጥመጃ በቅርጫት ውስጥ ከተቀመጠች ቆቅ ጋር ያነጻጽረዋል። በጥንት ዘመን አዳኞች አንዲት ቆቅ ከያዙ በኋላ አይገድሏትም ነበር። በቅርጫት አድርገው በሜዳ ያስቀምጧታል፤ እርስዋ ስትጮኽ ሌሎቹ ይሰበሰባሉ፥ በወጥመድም ይያዛሉ። ያች ቆቅ ወገኖቿን ላታታልል አስባ ይሆናል፤ የምትጮኸው ተፈጥሮዋ ስለ ሆነ ነው። በውጭ ያሉት ግን ድምፅዋን ይሰማሉ እንጂ ቅርጫቱን አያዩም።

ይህን የቅርጫት ነገር ከመጽሐፍ ይልቅ በኑሮው የተማረ አንድ ሰው በሪያድ ከተማ ጀራዲያ በሚባለው ሰፈር ይኖራል። የተወለደው በመርሐ ቤቴ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ነው። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር በማሽላ ማሳ ዳር የጭራ ወጥመድ እየዘረጋ ቆቅ ይይዝ ነበር። አጎቱ ትንፋሹን እንኳ እንዲቈጥብ ይገሥጸው ነበር፤ «ወጥመዱን እጅ ይዘረጋዋል፥ ቆቋን የሚይዛት ግን መቀመጥ ነው» ይለው ነበር።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ደላላ ወደ መንደሩ መጥቶ በሳዑዲ ዐረቢያ የሾፌርነት ሥራ አለ አለው። ደላላው ብቻውን ቢናገር ኖሮ ባላመነው ነበር። ነገር ግን አስቀድሞ የሄደ የመንደሩ ልጅ በስልክ እንዲያነጋግረው ተደረገ፤ ልጁም «ደኅና ነኝ፥ ሥራው ጥሩ ነው፥ ና» አለው። አገሩን ያስለቀቀው ይህ የሚያውቀው ድምፅ ነበር። በኋላ ግን ያ ልጅ የደላላው ባለ ዕዳ እንደ ነበረ፥ ያንንም ቃል የተናገረው ዕዳው እንዲቀነስለት እንደ ሆነ ተረዳ። ሾፌር ትሆናለህ የተባለው ሰው ሁለት ዓመት በበረሃ ፍየል ጠባቂ ሆነ። በልጁ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ መቈጣት አልቻለም፤ ቅርጫት ውስጥ ያለ ምን ብሎ ይጮኻል?

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄዱ ከለከለ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማስወጣት ጀመረ፤ በሪያድ በመንፉሓ ሰፈር ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፥ በጥቂት ወራትም ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያ ሰው ወረቀቱ የቀና ስለ ነበረ ቀረ፤ ከቀድሞ አሠሪውም በስምምነት ተለቅቆ ጭልፊት ለሚያረባ አንድ ባለጸጋ ሾፌር ሆነ።

በጭልፊት ማደን በዐረቦች ዘንድ ጥንታዊ ልማድ ነው። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሳዑዲ ዐረቢያን ጨምሮ የ11 አገሮች የጋራ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። በጭልፊቱ ከሚታደኑት ወፎች ዋናው ሑባራ የሚባለው የበረሃ ወፍ ነው። ሾፌሩ አሠሪውን ወደ በረሃ ሲያደርስ የሥልጠናውን ሥርዐት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየ። አዲስ የተያዘውን ጭልፊት ቡርቁዕ በሚባል የቆዳ ቆብ ዐይኑን ይሸፍኑታል። ባለቤቱ በእጁ ተሸክሞት ያመሻል፤ ከእጁ ሥጋ ያበላዋል፤ ባበላው ቍጥር በስሙ ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ እግሩን በረጅም ገመድ አስሮ ከአጭር ርቀት ይጠራዋል፤ ርቀቱንም ከቀን ወደ ቀን ያስረዝማል። በመጨረሻ ገመዱ ይፈታል። ያን ጊዜ ሰማዩ ሁሉ ለጭልፊቱ ክፍት ነው፤ የሚመልሰው የባለቤቱ ድምፅና ምልዋሕ የሚሉት፥ ከወፍ ክንፍ ተሠርቶ በገመድ የሚወዛወዘው ማባበያ ብቻ ነው። ከሪያድ በስተ ሰሜን በመልሃም በሚደረገው በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ስም በተሰየመው የጭልፊት በዓል፥ አንዱ ውድድር የሚደረገው በዚሁ ጥሪ ነው፤ ጭልፊቱ ከአንድ ወገን ይለቀቃል፥ ጠሪው 400 ሜትር ርቆ ቆሞ ይጠራዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይሻር አንድ ሕግ አለ። ጭልፊቱ ተጠርቶ በመጣ ጊዜ ሥጋ ሳያገኝ መቅረት የለበትም። አንድ ቀን የአሠሪው ልጅ ለጨዋታ ብሎ ሥጋ ሳይዝ ጠራው። ጭልፊቱም መጥቶ እጁን አየና ዞሮ ከሩቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪመሽም ድረስ አልመጣም። አሠሪው ልጁን አልመታውም፤ ነገር ግን በማግሥቱ ገመዱን እንደ ገና አወጣና ሥልጠናውን ከአጭሩ ርቀት ጀመረ። ሾፌሩ ይህን ባየ ጊዜ የደላላውን ድምፅና የዚያን የመንደሩን ልጅ ድምፅ አስታወሰ። አዳኝም ይታገሣል፥ ደላላም ይታገሣል፥ ሰይጣንም ይታገሣል፤ እንግዲያውስ ትዕግሥት ብቻውን ጥሪን እውነተኛ አያደርገውም። የጠሪው እጅ መታየት አለበት።

ይህን ባሰበ በጥቂት ወር ውስጥ የእርሱ የገዛ እጅ ተጠየቀ። ታናሽ ወንድሙ ዲያቆን ነው፤ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም በአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ይማራል። በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወርዶ በዘመድ ስልክ ድምፁን ላከለት፦ «ጋሼ፥ እንደምን ሰንብተሃል? ደላላው ገንዘቡን ከላክህለት በሁለት ወር አደርስሃለሁ ብሎኛል። ጀልባው የሚነሣው በቅርብ ነው፥ ቶሎ ወስን ይለኛል። አንተ እዚያ ሆነህ ለእናታችን የቆርቆሮ ቤት ሠራህ፤ እኔ ግን በቁራሽ እየኖርሁ እስከ መቼ ድረስ ነው? ልምጣ?»

ሾፌሩ በጀራዲያ በሚኖርባት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ይህን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማው። መንገዱን ያውቃል፤ ከጅቡቲ ከኦቦክ ጠረፍ ባሕር አለ፥ ከባሕሩ ማዶ የየመን ጦርነት አለ፥ በዚያም የቀሩትን ሰዎች ነገር ሰምቷል። የጉዞው ክልከላ በ2010 ዓ.ም. ተነሥቶ ሕጋዊው በር ቢከፈትም፥ ደላሎች የሚመሩት የባሕሩ መንገድ አልተዘጋም። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነበር። እርሱ ወንድሙን አንድ ቀን እንኳ «ና» ብሎት አያውቅም፤ የጠራው ያ የቆርቆሮ ቤት ነበር። በየወሩ የላከው ገንዘብ፥ በበዓል ቀን አዲስ ልብስ ለብሶ ያስነሣው ፎቶግራፍ፥ እናቱን እንዳያሳዝን ብሎ «ደኅና ነኝ» ያለው ቃል፥ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ድምፅ ሆኗል። ወንድሙ ድምፁን ሰምቷል፤ ቅርጫቱን ግን አላየም።

በዚያች ሌሊት አልመለሰም። «ና» ቢለው በወንድሙ ደም ይጠየቃል። «አትምጣ» ብሎ ቢዘጋበት ደግሞ እርሱ ጠግቦ ለእኔ ነፈገኝ ይላል፥ ሳይነግረውም ይሄዳል። ስለዚህ በቍጣ ወይም በፍርሃት ከመናገር ዝም ማለትን መረጠ። በሁለተኛው ቀን «ጋሼ፥ ምነው ዝም አልህ?» የሚል ድምፅ መጣ። በሦስተኛው ሌሊት መለሰለት፤ የሚገባውን በሙሉ ተናገረ። በወር የሚያገኘውን፥ ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚያወጣውን፥ የሚተርፈውንም በቍጥር ነገረው። ሁለት ዓመት ፍየል መጠበቁን፥ ደመወዙን ሳይቀበል የቀረባቸውን ወራት፥ አባታቸው ሲያርፍ ቆሞ አለመቅበሩን ነገረው። መልካሙንም አልደበቀም፤ ቤቱ በእውነት በላቡ የተሠራ መሆኑን፥ አሁን ያለው አሠሪ ደግ ሰው መሆኑንም ነገረው። በመጨረሻም እንዲህ አለው፦ «ወንድሜ፥ በእጄ ያለው ይህ ነው። ለደላላ የምሰጠው ገንዘብ የለኝም፤ ለልብስህና ለመጽሐፍህ የሚሆነውን ግን በየወሩ እልክልሃለሁ። ለመሄድም ሆነ ለመቅረት ዛሬ አትወስን። ለየኔታ ንገራቸው፥ ሦስት ሌሊትም እደርበት።»

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ምክር ከየት እንደ መጣ ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ መንገር አያስፈልግም። ብላቴናው ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ በተጠራ ጊዜ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሮጠ፤ በሦስቱም ጊዜ የሮጠው ወደ ዔሊ ነበር። ዔሊ በዕድሜ የደከመ፥ ዐይኑም የፈዘዘ ነበር፤ ነገር ግን ነገሩን አስተውሎ ለልጁ የነገረው ሄዶ እንዲተኛ፥ ድምፁም ሲመጣ በትሕትና እንዲመልስ ነው። ጥሪው ልጁ ተመልሶ በመተኛቱ አልጠፋም፤ እንደ ገና መጣ፥ ቆሞም ጠራው። የእግዚአብሔር ጥሪ መቈየትን አይፈራም፥ በመምህር ፊት መመርመርንም አይሸሽም። «ጀልባው ይሄድብሃል፥ ለማንም አትንገር» የሚል ጥሪ ግን ከመቈየትም ከመመርመርም ጋር ጠበኛ ነው፤ ቢቈዩበት እጁ ይታይበታልና። ይህ መለኪያ ለባሕር ጉዞ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ለምንኵስና የሚነሣ፥ ለክህነት የሚቸኩል፥ ስብከት ለመስበክ የሚወጣም ሁሉ ሊለካበት ይገባዋል። ሰባኪም ጠሪ ነው፤ በባዶ እጁ ሕዝብን የጠራ ሰባኪ ያን ሕዝብ ዳግመኛ ለመጥራት ሥራውን ከአጭሩ ገመድ መጀመር ይኖርበታል።

ታናሽ ወንድሙ ስልኩን ከዘመዱ ለምኖ ወደ ጉባኤ ቤቱ ወሰደው፥ ድምፁንም ለየኔታ አሰማቸው። የኔታም ሌሎቹ ተማሪዎች ተጠርተው እንዲሰሙ አዘዙ። ዲያቆኑ ቅኔውን እስኪፈጽም ድረስ ለመቈየት ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ጊዜው ይናገራል። ከተሰበሰቡት መካከል ግን ከደላላው ጋር ቀን የቈረጠ አንድ ተማሪ ነበር። ድምፁ ካለቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ አንገቱን አቀርቅሮ ቈየ፤ ከዚያም እንደ ገና እንዲያሰሙት ለመነ።